የተቀባዮች ተራ

ነሐሴ ነው። ካንሳስ። በቆሎው ከሰው ቁመት አልፏል፤
የስታዲየሙ መብራት አንድ ባንድ ጠፍቷል።
እኔ ከምድር ቤት፣ ከነጩ ሰሌዳ ፊት፣
ስም የተጻፈባት አንዲት ክብ ማግኔት
በሁለት ጣቶቼ ይዤ ቆሜያለሁ፤
ዋናው አሰልጣኝ፣ «ከተቀባዮችህ ዘንድ
ጥልቀታችን ስንት ነው?» ብሎኝ
እለካለሁ።

ጉድጓድ ቢሆን ደግ። ገመድ ይወርዳል፣
ጠጠር ይለቀቃል፣ ጆሮ ይቆጥራል።
ደግሞም የጥንት ሰው በክንድ ይለካ ነበር፤
እኔም ክንድ ቆጠርኩ ከሰሌዳው ሥር፦
ሰባት ልጅ፣ ዐሥራ አራት ክንድ፣
ዐሥራ ሦስት ደህና ጉልበት፣
በበረዶ የታሸገ አንድ።

ዴማርየስ ጋስኪን፣ የሽሪቭፖርቱ ልጅ፣
ከሰማይ የመጣ ኳስ
እንዳባቱ ርስት ተረጋግቶ የሚወርስ፣
ሐሙስ ልምምድ ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣
ሣሩ ላይ ዞር ሲል ጉልበቱ ቋ አለ።
የቁጥር አንድ ቦታ ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው፤
ስሙ እጄ ላይ አለ።

ሲዮኔ ታፉና፣ ደረቱ የጎተራ በር፣
ለሌላው መንገድ ሲጠርግ እሱን የሚያህል የለም፤
ራሱ ሲሮጥበት ግን
ዳገት በሌለበት አገር
ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና ነው።

ሬጂስ ፎንትኖ፣ በሦስት ዓመት ሦስት ኮሌጅ፣
ሻንጣው አልጋው ሥር፣ ዚፑ እንደተከፈተ።
ጥሩ ነው። ግን የማን ነው?

ጃኮሪ ፔቲስ፣ ገና ዐሥራ ስምንቱ፣
ከጥላው ይቀድማል፤ ምን ያደርጋል ፍጥነቱ
ኳሱ እሱን ቀድሞ መሬት ከደረሰ!
ካያያዝ ይቀደዳል አሉ። ቅዳሜ አራት ጣለ፤
በአራተኛው ቀና ብሎ ሰማዩን ገረመመ፣
የጣለው ሰማዩ እንደሆነ ሁሉ።

ሁለት ጀማሪዎች፣ በሄልሜት የማምታታቸው፣
ቁጥራቸው እንጂ ገና ያልገባኝ ስማቸው።

ከሁሉም በታች ኤልደን ኡንሩ።
አባቱ ስንዴ ያርሳል፤ ልጁ ለትምህርቱ ራሱ ይከፍላል።
በሁለት ዓመት አንድ ኳስ ይዟል፣
እሱም በዝናብ፣ ተሸንፈን ባበቃን ሰዓት።
ተራ ልጅ። ተራ ጠባቂ። ተራው ያልደረሰ።

ቪዲዮውን መለስኩ፣ አስቆምኩ፣ መለስኩ።
ካሜራው የሚከተለው ኳሱን ነው፤
ኳስ ያልመጣለት ልጅ ከምስሉ ወጥቶ ይሮጣል፣
የት እንደደረሰ ማንም አያይም።

አምስት ሰዓት ሲሆን ማጠቢያ ክፍሉ ገባሁ።
ወይዘሮ ቬልማ ስታኪ ጓንት ትደረድራለች፣
ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ላብ ያጠበች።
«የጃኮሪን እይ» አለችኝ፣ መዳፉን ወደ አምፖሉ ዘርግታ፤
ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።
«በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው።
ማታ ማታ ኳስ መወርወሪያው ማሽን ጋ ነው።»
«ብቻውን?»
«ማሽን ብቻውን ይጎርሳል እንዴ?»
አለችና የኤልደንን አነሳች፦
አዲስ፣ ያልታሸ፣ የሱቅ ሽታው ያልለቀቀው።
በባዶ እጁ ነው ለካ የሚያጎርሰው፤
መቶ ኳስ፣ ሁለት መቶ፣
ተራውን ለሚወስድበት ልጅ
ጎንበስ ቀና እያለ።

ተመለስኩ። ጃኮሪን ከላይ ለጠፍኩት፣ እጄ እየፈራ።
ኤልደንን አላነሳሁትም። መዋሸት አልችልም፤
ፍጥነቱ ያው፣ ቁመቱ ያው፣
ነገም ሰባተኛ ነው።
ብቻ ማግኔቱን ከነበረበት ነቅዬ
እዚያው መልሼ
አጥብቄ ተጫንኩት።

ጧት «ስንት ነው ጥልቀታችን?» ሲለኝ
«ዐሥራ አራት ክንድ» እለዋለሁ፤ ይስቃል።
ይሳቅ። ውሃው ከታች መሆኑን
ጉድጓድ የቆፈረ ያውቃል።

መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።
የዴማርየስ ስም ግን ኪሴ ውስጥ ነው፣
በየእርምጃዬ
ቁልፎቼን እየሳበ።